የፕላውደን ስም ከየት መጣ? በሱሉልታ የሚገኝ የቤተሰብ መዝገብ ፍለጋ አገልግሎት ግምገማ

ከአዲስ አበባ በእንጦጦ በኩል ወጥቶ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ፣ ሱሉልታ ላይ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ የሚሠራበት አንድ ጠባብ ቤት አለ። በበሩ ላይ የተለጠፈው የዋጋ ዝርዝር ስለ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ስለ ላሚኔሽንና ስለ ማመልከቻ ጽሕፈት ብቻ የሚናገር በመሆኑ፣ በውስጡ የውጭ አገር የቤተሰብ መዛግብት ፍለጋ እንደሚካሄድ የሚያውቀው ከሰው የሰማ ብቻ ነው። ባለቤቲቱ ቀደም ሲል በቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት ያገለገሉ ሲሆኑ፣ ደንበኞቻቸው በአብዛኛው ጣሊያናዊ፣ አርመናዊ ወይም ግሪካዊ አያት ያላቸው ቤተሰቦችና የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች ናቸው። ስማቸውም ሆነ የቤቱ ስም እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ እዚህ የምገመግመው ሥራቸውን ብቻ ነው፤ አድራሻውን የሚፈልግ ሰው በገበያው አካባቢ መዝገብ የሚፈልጉት ሴት የት እንደሚሠሩ ቢጠይቅ አያጣቸውም።

እኔ ያዘዝኩት በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በአገራችን የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ቺቸሊ ፕላውደን የተጠራበት የቤተሰብ ስም ከየትኛው የብሪታንያ አካባቢ እንደ ፈለቀና ወዴት እንደ ተሠራጨ የሚያሳይ ዘገባ ነው። ለታሪክ ተማሪዎች የማዘጋጀው የማንበቢያ ጽሑፍ ስለ ነበረ፣ ስለ ሰውየው ሥራ ብቻ ሳይሆን ስለ ወገኖቹም አንድ ሁለት ገጽ እንዲኖረው ፈለግሁ። ፕላውደን በ1848 ቆንስል ሆኖ መሾሙን፣ በ1849 ከራስ ዓሊ ጋር ውል መፈራረሙን፣ በኋላም የቴዎድሮስ ወዳጅ መሆኑንና በ1860፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር በ1852 ዓ.ም.፣ ከጎንደር ብዙም ሳይርቅ በዐመፀኛው በጋረድ ሰዎች ቆስሎ፣ ቤዛ ተከፍሎለት ከተለቀቀ በኋላ መሞቱን ታሪክ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ አልፎ የማን ልጅ እንደ ነበረ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም፤ ሰባት ቤት መቁጠር ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ ጥያቄ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። በዚህ ግምገማ ውስጥ የእኛ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።

ዘገባው የሚጀምረው ከቦታ ነው፤ በዚህም ትክክል ነው። ፕላውደን በምዕራብ እንግሊዝ፣ ከዌልስ ወሰን ብዙም በማይርቀው በደቡባዊው የሽሮፕሻየር አውራጃ፣ በሊድበሪ ኖርዝ አጥቢያ የምትገኝ ትንሽ መንደር ስትሆን፣ ቢሾፕስ ካስል የተባለችው የገበያ ከተማ ጎረቤቷ ናት፤ ሎንግ ሚንድ የተባለው ረጅም ኮረብታም ከበላይዋ ተዘርግቷል። የስሙ የመጨረሻ ክፍል በጥንታዊው እንግሊዝኛ ሸለቆ ማለት ነው። ቤተሰቡ የተጠራው በመንደሯ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን «የፕላውደኑ እገሌ» ይባል የነበረው ባለ ርስት ቤተሰብ፣ በእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ መተላለፍ በጀመረበት ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ ባለው ረጅም ጊዜ ውስጥ፣ የቦታውን ስም እንደ ቋሚ መጠሪያ ያዘው። ባለ ርስቶቹ ከተራው ገበሬ ቀድመው ስም ማጽናታቸው ለምን እንደ ሆነ ዘገባው በአጭሩ ያስረዳል፤ የርስት ውርስን በጽሑፍ ማስረዳት የሚያስፈልጋቸው እነርሱ ነበሩና። ሮጀር የተባለ ቅድመ አያት በመስቀል ጦርነት ጊዜ፣ በ1191 በአክሬ ከተማ ከበባ ላይ እንደ ነበረና ከዚያ በሕይወት ቢመለስ ጸሎት ቤት ለመሥራት እንደ ተሳለ የሚነገረውን ግን «የቤተሰቡ ትውፊት» በሚል ርዕስ ለብቻው አስቀምጦታል። ትውፊትንና ሰነድን የማይለዩ የትውልድ ሐረግ ጽሑፎች በእኛም ዘንድ ሞልተዋልና፣ ለዚህ ጥንቃቄ ብቻ እንኳ የከፈልኩት ገንዘብ አይቆጨኝም።

ዘገባው ከአንድ ቦታ ብቻ የመነጨ ስም ለምን ለፍለጋ እንደሚመች ለማሳየት የመረጣቸው ንጽጽሮች ለአገራችን አንባቢ የቀረቡ ናቸው። ከፕላውደን ጋር ወደ ኢትዮጵያ የገባውና የቴዎድሮስ ሊቀ መኳስ የሆነው ጆን ቤል፣ ማለትም በእኛ ታሪክ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ የሚባለው ሰው፣ የሚጠራበት ስም በሰሜን እንግሊዝና በስኮትላንድ ወሰን አካባቢ እጅግ የተለመደ ነው። መነሻውም አንድ አይደለም፤ ከደወል ሠሪ ወይም ከደወል ደዋይ፣ «ውብ» ከሚል የፈረንሳይኛ ቅጽል፣ አልያም ኢዛቤል ከሚለው ስም ቁልምጫ ሊመጣ ይችላል። ሁለት የቤል ቤተሰቦች አንድ ስም መያዛቸው ስለ ዝምድናቸው ምንም አይናገርም። ሳንድፎርድም እንዲሁ ነው፦ ትርጉሙ አሸዋማ የወንዝ መሻገሪያ ሲሆን፣ ሳንድፎርድ የሚባል መንደር በብዙ አውራጃዎች ስላለ፣ አዲስ አበባ ላይ በትምህርት ቤት ስምነት የምናውቀው መጠሪያ ብዙ መነሻ አለው። ፕላውደን ግን ወደ አንዲት መንደር ይመራል። በነገራችን ላይ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚመጣ ሰው የታክሲ ረዳቶች «ዊንጌት! ዊንጌት!» እያሉ ሲጣሩ ይሰማል፤ የጄኔራል ኦርድ ዊንጌት መታሰቢያ ሆኖ በ1946 ከተከፈተው ትምህርት ቤት የመጣው ይህ የሰፈር ስምም የብሪታንያ የቤተሰብ ስም እንደ ሆነ ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

ስሙን ያስጠራው የመጀመሪያው ሰው ኤድመንድ ፕላውደን ነው። ከ1518 እስከ 1585 የኖረው ይህ የሕግ ሊቅ በለንደን ሚድል ቴምፕል የተባለው የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ታላቁን አዳራሽ ሲሠራ ሥራውን የመራ ሰው ሲሆን፣ አዳራሹ ዛሬም አለ። እንግሊዞች ከእርሱ ጋር የሚያያይዙት «ነገሩ ተለወጠ፣ አለ ፕላውደን» የሚል ምሳሌያዊ አነጋገር አላቸው፤ በችሎት ላይ ያልታሰበ ማስረጃ ሲመጣ የክርክሩ ፊት እንደሚዞር ለመግለጽ የሚባል ነው። እዚህ ላይ ዘገባው የሰውየውን ዝና በማስፋት ገጽ ሊሞላ ይችል ነበር፤ ይልቁንስ የሄደው ወደ ሃይማኖቱ ነው፤ የዘገባው ምርጥ ክፍል የምለውም ይህንኑ ነው።

ኤድመንድና የሽሮፕሻየሩ ቤተሰብ እንግሊዝ ከሮም ከተለየች በኋላም በካቶሊክነታቸው ጸንተዋል፤ የፕላውደን አዳራሽ በተባለው መኖሪያቸውም ካቶሊኮች በሚሳደዱበት ዘመን ካህናት የሚሸሸጉባቸው ሥውር ክፍሎች ነበሩ። ይህ ለስም ፈላጊ ትልቅ ትርጉም አለው። በእንግሊዝ የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ክርስትና፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግቡ የታዘዘው በ1538 ነው፤ መዝገቡን የሚይዘው ግን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ፣ ልጆቹን በሥውር በካቶሊክ ካህን የሚያስጠምቅ ቤተሰብ ከክርስትና መዝገቡ ላይ ሊጎድል ይችላል። በ1753 የወጣው የጋብቻ ሕግ ደግሞ ክዌከር ከሚባሉት የፕሮቴስታንት ማኅበር አባላትና ከአይሁድ በቀር ማንኛውም ሰው በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካላገባ ጋብቻው በሕግ አይጸናም ስላለ፣ ያንኑ የካቶሊክ ቤተሰብ በጋብቻ መዝገብ ላይ መልሶ ያመጣዋል። ስለዚህ በአንድ አጥቢያ የፕላውደን ጋብቻ ተገኝቶ የልጆች ክርስትና ካልተገኘ፣ ባልና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም ወይም አገር ለቀው ሄዱ ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ይህን የመሰለ ማስጠንቀቂያ ብዙ ገንዘብ በሚጠይቁ አገልግሎቶች ላይ እንኳ ሁልጊዜ አይገኝም።

ከ1837 ወዲህ ያለው ነገር ቀላል ነው። በዚያ ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መመዝገብ ጀመረ፤ ስኮትላንድ በ1855 ተከተለች። በእኛ አገር የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2016 መሆኑን ለሚያስታውስ፣ በዚያ ያለው የወረቀት ብዛት ያስቀናል። የሕዝብ ቆጠራውም ከ1801 ጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ ሲደረግ ቆይቶ፣ ከ1841 ወዲህ የሰዎች ስም በጽሑፍ ተጠብቋል፤ የ1931ዱ በ1942 በእሳት ስለ ጠፋና የ1941ዱ በጦርነቱ ምክንያት ስላልተካሄደ ግን መካከሉ ባዶ ነው። ባለሙያዋ በልደት፣ በጋብቻና በሞት ምዝገባው ማውጫ ላይ የተገኘን ስም እንደ ተረጋገጠ ሰው አይቆጥሩም። ማውጫው የሚያሳየው ምዝገባው የተካሄደበትን ሩብ ዓመትና የምዝገባ ወረዳ እንጂ ትክክለኛውን ቀን ስላልሆነ፣ ሁለት ፕላውደኖች በአንድ ዓመት ተመዝግበው ቢገኙ የምስክር ወረቀቱን ቅጂ ሳያስመጡ አያዋሕዷቸውም፤ የቅጂው ዋጋ በፓውንድ የሚከፈልና ከአገልግሎት ክፍያው የተለየ መሆኑን ደንበኛው ከመጀመሪያው ማወቅ አለበት።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። የስሙን ሥርጭት የሚያሳየው ካርታ መጀመሪያ በእጄ በገባበት መልኩ አሳሳች ነበር። መነሻው የ1881 የሕዝብ ቆጠራ ነው፤ ይህ ምርጫ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም የዚያ ዓመት ቆጠራ በበጎ ፈቃደኞች ሙሉ በሙሉ ተገልብጦ ለፍለጋ የተመቻቸ በመሆኑ የብሪታንያ ስሞችን ሥርጭት የሚያጠኑ ሁሉ የሚደገፉበት ነው። ችግሩ አውራጃዎቹ ቀለም የተቀቡት በእያንዳንዳቸው ውስጥ በተገኙት ሰዎች ቁጥር ብቻ መሆኑ ነው። በዚህ ስሌት ማንኛውም ስም፣ መነሻው የትም ይሁን፣ የለንደን ስም ይመስላል፤ ከተማይቱ ከየአገሩ ሰው ስትሰበስብ የኖረች ናትና። በዚያ ዓመት አብዛኛውን ለንደን የሚይዘው የሚድልሴክስ አውራጃ ሕዝብ ወደ 3 ሚሊዮን ሲጠጋ፣ የሽሮፕሻየር ሕዝብ ግን 250 ሺህ ያህል ብቻ ነበር፤ ስለዚህ በሽሮፕሻየር የተገኘ አንድ ሰው ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ሲመዘን በሚድልሴክስ ከተገኙ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ጋር እኩል ድርሻ አለው። መነሻን የሚጠቁመው ይህ ድርሻ ነው። አንድ ስም ዛሬ ብዙ ሰው የያዘው የት እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ቁጥሩን ይጠይቅ፤ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ የሚፈልግ ግን ከየመቶ ሺህ ሰው ስንቱ እንደ ያዘው መጠየቅ አለበት፤ ዘገባውም ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ካርታ ለመመለስ ሞክሮ ነበር።

ይህን በጽሑፍ ባቀርብላቸው ባለሙያዋ ሳይከራከሩ ካርታውን በድርሻ እንደገና አሠርተው፣ የመጀመሪያውንም ሳያስወግዱ ጎን ለጎን አስገቡልኝ። ሁለቱን አስተያይቶ ማየት ከአንዱ ይልቅ የሚያስተምር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ይሁን እንጂ እንደ ፕላውደን ባለ ብርቅ ስም ላይ ድርሻም ቢሆን በጥንቃቄ መነበብ እንዳለበት የሚገልጽ ማስታወሻ ከካርታው ሥር ሊኖር ይገባ ነበር፤ ጥቂት ሰው ብቻ በያዘው ስም ላይ አንድ ልጆች የበዙበት ቤተሰብ ወደ ሌላ አውራጃ ቢዛወር የዚያ አውራጃ ቀለም በአንድ ጊዜ ይለወጣልና። ስሞች ለምን እንደሚጠፉ በ1870ዎቹ ፍራንሲስ ጋልተንና ሄንሪ ዋትሰን በሒሳብ ያሳዩትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ ስሙ በወንድ ልጅ ብቻ እስከ ተላለፈ ድረስ፣ ወንድ ያልወለደ ቤት ሁሉ ከስሙ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ይቆርጣል። ዘገባው ይህን በሦስት መስመር አልፎታል፤ አንድ ገጽ ቢሰጠው እመርጥ ነበር።

ስምንና ሥጋ ዝምድናን በመለየት ረገድ ግን ዘገባው ጠንካራ ነው። በእንግሊዝ የትምህርት ታሪክ ውስጥ በ1967ቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ሪፖርት ስማቸው የሚነሣው ብሪጅት ፕላውደን፣ የትውልድ ስማቸው ሪችመንድ ሲሆን ፕላውደን የሆኑት በጋብቻ ነው። አትላንቲክን ስንሻገር ጉዳዩ የበለጠ ይወሳሰባል። በ1634 ሰር ኤድመንድ ፕላውደን የተባለ ሌላ የቤተሰቡ ሰው በዛሬዋ ኒው ጀርሲ አካባቢ ኒው አልቢዮን ለተባለ ቅኝ ግዛት የንጉሥ ፈቃድ አግኝቶ ነበር፤ ውጥኑ ከሸፈ። ስሙ ግን በአሜሪካ በሜሪላንድና በደቡብ ካሮላይና ይገኛል፤ ባርነት በነገሠበት በዚያ አገር ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች የቀድሞ ባለቤቶችን ስም ይዘው ስለ ቀሩ፣ በአሜሪካ ፕላውደን የሚባል ሰው ሁሉ የሽሮፕሻየር ዘር ነው ማለት አይቻልም። በኒው አልቢዮን ውጥን ዘመን በወጡ ጽሑፎች ውስጥ ስሙ ፕሎይደን ተብሎ የተጻፈበት ጊዜ መኖሩን ዘገባው ማንሣቱም ተገቢ ነው፤ በአንድ አጻጻፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ያጣዋል።

ስለ ራሱ ስለ ቆንስሉ የተጻፈው ክፍል በረቂቁ ላይ ቸኩሎ ነበር፤ ሰውየውን ያለ ምንም መሸጋገሪያ ከሽሮፕሻየሩ አዳራሽ ጋር አገናኝቶታል። ፍንጩ ያለው በመካከለኛው ስሙ ላይ ነው። ቺቸሊ በራሱ የቤተሰብ ስም ሲሆን፣ እንግሊዞች በጋብቻ የመጣን የእናት ወገን ስም በልጆች ሁለተኛ ስምነት የማቆየት ልማድ ስላላቸው፣ ቺቸሊ ፕላውደን የሚባሉት አንድ የተለየ ቅርንጫፍ ናቸው፤ እነዚህም በሃምፕሻየር አውራጃ በዩኸርስት የተቀመጡና በሕንድ ይነግድና ያስተዳድር ከነበረው ከእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጋር ለትውልድ የተሳሰሩ ነበሩ። የቆንስሉ አባት ትሬቨር ቺቸሊ ፕላውደን በቤንጋል የመንግሥት አስተዳደር ውስጥ ያገለገለ ሰው ነው፤ ዋልተርም በወጣትነቱ በካልካታ በንግድ ቤት ሠርቶ፣ በ1843 ወደ እንግሊዝ ሲመለስ ስዊዝ ላይ ከቤል ጋር ተገናኝቶ ነው የነጭ ዐባይን ምንጭ ፍለጋ ወደ አገራችን የመጣው። የተወለደው በ1820፣ ማለትም የመንግሥት ምዝገባ ከመጀመሩ 17 ዓመት በፊት በመሆኑ፣ ስለ እርሱ የሚፈለገው ነገር ያለው በክርስትና መዛግብትና በብሪቲሽ ላይብረሪ በተቀመጡት የሕንድ መሥሪያ ቤት ሰነዶች ውስጥ እንደ ሆነ በመጨረሻው ቅጂ ላይ ተስተካክሎ ተጽፏል። ለእኔ የማንበቢያ ጽሑፍ ከሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው፤ ወደ ቴዎድሮስ ድንኳን የገባው ሰው ሕንድ ውስጥ የኩባንያውን አሠራር አይቶ የመጣ መሆኑን ያወቀ ተማሪ፣ ለንግድ ውል የነበረውን ጉጉት በተሻለ ይረዳዋል።

ስለ አቀራረቡ ጥቂት ልጨምር። አማርኛው ንጹሕ ነው፤ የዘመን አቆጣጠሩም በሁለቱም መንገድ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ነገር ግን የቦታና የሰው ስሞች በፊደላችን ብቻ ስለ ተጻፉ መልሼ በመዝገቦቹ ውስጥ ልፈልጋቸው አልቻልኩም ነበር፤ በላቲን ፊደል የተጻፈ ዝርዝር በአባሪነት እንዲሰጠኝ መጠየቅ ነበረብኝ። መብራት በሚጠፋበት ቀን ሥራው ይቆማል፤ ኔትወርኩም እንደ ሰፈሩ ሁሉ አይጨበጥም፤ ስለዚህ ቀጠሮ ቢያልፍ አያስገርምም፤ ስልክ ደውሎ መሄድ ይሻላል። ዋጋው 8,000 ብር ሲሆን ግማሹ በቅድሚያ ይከፈላል፤ ለአንድ ስም ብዙ ነው የሚል ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን ሥራውን ካየሁ በኋላ ውድ አልለውም። ቅር የሚያሰኘው፣ የዘገባው የታተመ ቅጂ ላይ ካርታው በጥቁርና በነጭ ስለሚወጣ የቀለሙ ልዩነት መጥፋቱ ነው፤ የኮምፒውተር ቅጂውን መጠየቅ ይገባል።

አገልግሎቱን የምመክረው ብርቅ ስም ለያዘና የሚያውቀውን ሁሉ ይዞ ለሚቀርብ ሰው ነው። የተለመደ ስም ይዞ የሚሄድ ግን ራሳቸው ባለሙያዋ ይመልሱታል። እኔም የፕላውደንን ሥራ ከተረከብኩ በኋላ የጆን ቤልን እንዲቀጥሉልኝ ብጠይቃቸው፣ «መምህር፣ የአባቱን ስም ወይም የተወለደበትን አጥቢያ ያምጡልኝ፤ ያለዚያ በቤል ስም ገንዘብዎን አልቀበልም» አሉኝ። በምትኩ የተስማማነው በእኛ ዘንድ ባሻ ፈለቀ እየተባለ በሚታወቀው፣ በ1868ቱ ዘመቻ ከእንግሊዝ ጦር ጋር መጥቶ በኋላ የልዑል ዓለማየሁ ሞግዚት በሆነው በሻምበል ትሪስትራም ስፒዲ የቤተሰብ ስም ላይ ነው። ቅድመ ክፍያውን ከፍያለሁ፤ በውሉ ላይም ካርታው በድርሻ እንዲሠራ፣ የላቲኑ ዝርዝር ከመጀመሪያው እንዲካተትና ከማውጫ የተገኘና ከምስክር ወረቀት የተረጋገጠ መረጃ በተለያየ ምልክት እንዲለይ አስጽፌአለሁ።